ባለቤትና ተሳቢ

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ነኝ። አራተኛ ክፍል፣ አማርኛ። ሰሌዳው ላይ «ልጁ ኳሱን መታ» ብዬ ጽፌያለሁ። ባለቤቱ ማን ነው? ልጁ። ተሳቢውስ? ኳሱን። «ን» የምትለዋን በቀይ ጠመኔ ከብቤ ወደ ልጆቹ ስዞር ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ተሳቢ ግን መኪና አይደል እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አዳማ ላይ የሚያስተምር ሰው በዚህ ጥያቄ መገረም አልነበረበትም። እዚህ ከተማ ልጅ ሆነህ አባትህ ባይሆን አጎትህ፣ አጎትህ ባይሆን የጎረቤትህ አባት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ተሳቢ ማለት ለነዚህ ልጆች ሰፈር ጥግ ላይ የሚቆም፣ ጎማው ከነሱ ቁመት ጋር የሚተካከል፣ ሲነሳ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ነገር ነው። እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነው። ይህንኑ ትምህርት፣ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በ2012 ግንቦት ላይ፣ በሌሊት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለስልኬ አስተምሬዋለሁ። ያን ሌሊት የተጠየቅኩት አንድ አጭር ጥያቄ ደግሞ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። እስቲ ልጻፈው።

ስልኩ ከመጥራቱ በፊት

የዚያን ጊዜውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ ታክሲው በግማሽ ሰው በእጥፍ ሂሳብ ሆነ። እኔ ከጠመኔ ወደ ቴሌግራም ዞርኩ። ከ52 ተማሪዎቼ 34ቱን ቴሌግራም ላይ አገኘኋቸው። የቀሩት 18 ወላጆቻቸው ስማርት ስልክ የላቸውም ወይም ቁጥር ቀይረዋል። ለነሱ ወርክሺት በወረቀት እየተባዛ በር ላይ ይታደል ነበር፤ የመጣ ወሰደ፣ ያልመጣ ቀረ። ስለነዚያ 18 ልጆች ብዙ የምለው አለ፣ ግን የዛሬው ጉዳዬ አይደለም።

የኔን ቤት ከጎረቤት የሚለየው አንድ ነገር ነበር። ሁሉም ሰው ቤትህ ተቀመጥ ሲባል ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው። ወደ አገሩ ከሚገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላዩ የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ስለሆነ ያ መንገድ አንድም ቀን አልቆመም። ነዳጁ፣ ስንዴው፣ ዘይቱ፣ ለክረምቱ የሚፈለገው ማዳበሪያ። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ። እነዚህን ስሞች ካርታ ላይ አይቼ አይደለም የማውቃቸው፣ «የት ደረስክ?» ብዬ በመጠየቅ ነው።

ያኔ ስደውልለት ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ያ ድምፅ ይቀድማል። እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚለው። ትልቋ ልጄ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በቃሏ ይዛው አብራ ትለው ነበር። እኔ ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ከሱ በኋላ የሚመጣው ወይ «አቤት» ነው፣ ወይ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» ነው።

በየቀኑ ማታ ሪፖርት ሲነገር ከጅቡቲ የተመለሱ የሚል ነገር መጣ ማለት ሰፈሩ ወደኛ በር ዞረ ማለት ነው። ማንም በክፉ አልተናገረንም። ግን ቡና አፍልቼ ስጠራ ጎረቤቴ «ዛሬ እንኳ ራሴን አሞኛል» ማለት አበዛች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ቅርቡ ሲርቅ እንዴት እንደሚያም ያኔ ነው ያወቅኩት። አልፈረድኩባትም። እሷም ቤት አሮጊት አለች፣ እኔም ቤት እናቴ አለች፣ ስኳር ያለባት። እኔ ራሴ ባሌ በመጣ ቁጥር ልብሱን ግቢ በር ላይ አስወልቄ ፈላ ውሃ ውስጥ እነክር አልነበር?

ሰርቪሷ

ግንቦት አጋማሽ ላይ ደወለ። ሎጊያ ላይ ከአንድ ትሪ አብሮት እራት የበላ ሹፌር ተገኘበት። የሱ ናሙና ነፃ ነው ተብሏል። እሱ ግን አላመነም።

«ቤት አልገባም። እማማ አሉ፣ ልጆቹ አሉ። መኪናው ውስጥ 14 ቀኔን ልጨርስ» አለኝ።

መኪናው የሱ አይደለም። ባለንብረቱ ለሌላ ሹፌር ሊሰጠው ነው፣ ዕቃ ይጠብቃል። ደግሞስ በዚያ ሙቀት ጋቢና ውስጥ 14 ቀን? ግቢያችን ጥግ ላይ አንዲት ሰርቪስ አለችን፣ ከሰልና የተሰበረ ወንበር የምናስቀምጥባት። ከሰሉን አወጣሁ፣ ወለሉን በበረኪና አጠብኩ፣ ፍራሽ አስገባሁ። መስኮቷ ትንሽ ናት፣ ፍርግርግ ያለባት፣ ወደ በረንዳችን የምታይ። ከመስኮቷ ሥር በርጩማ አቆምኩ። ምግቡን በርጩማው ላይ አስቀምጬ እርቃለሁ፣ እሱ ወጥቶ ያነሳል። ሳህኑን ራሱ ያጥባል። ውጭ ያለችው ሽንት ቤት ለብቻው ሆነች።

ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ገባ። ልጆቹን ቤት ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። አራት ዓመት የሆነው ትንሹ መስተዋቱን በሁለት እጁ እየደበደበ «አባቢ! አባቢ!» ይላል። አባቱ ቦርሳውን እንደተሸከመ ግቢው መሃል ቆመና እጁን አወዛወዘ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ገባ። በሩን ሲዘጋው ሰማሁት።

በሰላም መጣ ብዬ ቀለለኝ ማለት ነበረብኝ። አልቀለለኝም፣ ጨነቀኝ። የጨነቀኝ በሽታው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ11 ዓመት ትዳራችን ይህ ሰው ከሦስት ቀን በላይ ተከታትሎ ቤቱ ያደረበት ጊዜ በጣት ይቆጠራል። አሁን 14 ቀን ሊቀመጥ ነው፤ ያውም መስኮት ላይ፣ ያውም ምንም ሥራ ሳይኖረው፣ እኔን እያየ።

ይህን ለማስረዳት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እሱ ሲመጣ ቤታችን በዓል ነበር። መምጫውን ቀን ከሰማሁ ዶሮ ይገዛል፣ መጋረጃ ይታጠባል፣ ልጆቹ ገላቸውን ይታጠባሉ። «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ደክሞታል» ይባላል። ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የልጁ ትኩሳት ትናንት የነበረ ከሆነ አይነሳም። እሱም ለራሱ ተላጭቶ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ይመጣል። ሁለት ቀን እንበላለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ይሄዳል። እሱ ከወጣ በኋላ ቤቱ ወደ ሥራ ቀኑ ይመለሳል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላሉ፣ እኔ ይሄን አልቀበልም፤ ከልቤ ርቆ አያውቅም። ከቤቱ ግን ርቋል። ቤቱን አያውቀውም ነበር፣ እኔም እንዲያውቀው አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ምናልባት መንገድ ላይ ሆኖ እንዳያስብ። ምናልባት ደግሞ አልቻለችም እንዳይለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በዓሉን ላስቀጥል ሞከርኩ። ግቢውን በቀን ሁለቴ ጠረግኩ። ልጆቹን በሹክሹክታ ተቆጣሁ። በአራተኛው ቀን በዓሉ አለቀ። እንጀራ አልቋል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሁለቱ ልጆች በአንድ እርሳስ ተደባድበዋል፣ የአንድ ተማሪዬ እናት ደውላ «ልጄ ድምፁ አልከፈትለት አለ» ትላለች፣ እናቴ በጓዳ በኩል «መድኃኒቴን የት አደረግሽው?» ትላለች። ግቢው መሃል ቆሜ ጮህኩ። እንደ እብድ ነው የጮህኩት። ዞር ስል መስኮቱ ላይ ነው፣ ሁለት እጁ ፍርግርጉን ይዟል። ምንም አላለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ትንሹን መጥራት ጀመረ። አራት እርምጃ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ መስመር አሰመረለት። ከዚያ ከመስኮቱ ሆኖ መኪና ማሠራት አስተማረው። ሃይላንዱን በሆዱ አስተኛው፣ አሁን ቆርኪውን በሚስማር ብሳው (ሚስማሩን እህቱ ትይዛለች)፣ ሽቦውን አሳልፈው፣ ቀስ፣ እንዳይወጋህ። ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ልጁ አየውና «የአባቢ መኪና እኮ ከኋላም ሌላ አላት» አለ። እውነቱን ነው። ሌላ ሃይላንድ ተፈለገ፣ በሲባጎ ታሰረ። ተሳቢ ሆነ። ያ ልጅ ከዚያ በፊት ከአባቱ የተማረው ነገር ምን እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልሽ አለኝ።

ሌሊት 8 ሰዓት

ዘጠነኛው ሌሊት ነው። አዳማ ለኖረ ሰው የውሃ ፈረቃ ማለት ምን እንደሆነ አልነግረውም። በኛ ሰፈር ያኔ ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ሰዓቱም 8 ሰዓት ገደማ። ያን ጊዜ ደግሞ በቀን 20 ጊዜ እጅ ታጠቡ የሚባልበት ነው። ስለዚህ እነሳለሁ። መጀመሪያ ቧንቧውን ከፍቼ ጆሮዬን አቀርባለሁ። አየር ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠራል። ስድስት ቢጫ ጀሪካን አለኝ። አንዱ እስኪሞላ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እየሞላ እናቴን አያለሁ፤ ስኳሯ ሌሊት ስለሚወርድ ግንባሯን እዳብሳለሁ፣ ላብ ካለ አነሳታለሁ። ትንሹ ይነቃል፣ መልሼ አስተኛዋለሁ። ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የነገውን ትምህርት እቀዳለሁ። ቀን አይቻልም፣ ባጃጅ አለ፣ ልጅ አለ፣ ዶሮ አለ። ሌሊት ብቻ ነው ጸጥ የሚለው።

«ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ስለ ባለቤትና ተሳቢ እንማራለን። ልጁ ኳሱን መታ። የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት…»

ጀሪካኑ ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ። ስልኩን ጥዬ ሮጥኩ። ቀየርኩ። ተመልሼ እንደገና። «ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ።» ውሻ ጮኸ። እንደገና። ስንተኛው ላይ እንደሆንኩ አላስታውስም፣ ከወደ ሰርቪሷ ድምፅ መጣ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?»

የተኛ መስሎኝ ነበር። ፊቱ አይታይም፣ ጨለማ ነው። ፍርግርጉ ላይ ጣቶቹ ብቻ ይታያሉ።

«ምኑ?» አልኩት።

«ሌሊቱ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አሁን ነው የምታየው ልለው ነበር። 11 ዓመት ሙሉ እንዴት መስሎህ ነበር፣ ያ ስትመጣ የምታገኘው ሙሉ ሮቶ ማን የሞላው መስሎህ ነበር ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ድምፁ የወቀሳ አልነበረም፣ የማዘንም አልነበረም። ያላወቀውን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው። በስንት ዓመቱ ስለ ራሱ ቤት ይጠይቃል? ማን ነው እንዳይጠይቅ ያደረገው? እኔም አለሁበት።

«አዎ» አልኩት። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ዝም አለ። ጀሪካኑ ይሞላል። አንዱን ባዶ ጀሪካን ገልብጬ አራት እርምጃ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩበት፣ ልጁ የሚቀመጥበት መስመር ላይ። እዚያው እስከ 10 ሰዓት ቆየን። ያን ሌሊት ያወራነውን ያህል በሌላ ጊዜ አውርተን አናውቅም ብል ማጋነን አይደለም። ጥር ላይ እናቴ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ስታ በ9 ሰዓት ሌሊት ተሸክሜ ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ለመንገድ የሮጥኩትን ነገርኩት። በነጋታው ሲደውል «ሁሉ ሰላም» ብዬው ነበር። እሱ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ገዋኔን እንዳለፈ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ጎማው ጠጠር ሲነካ ነቅቶ፣ መኪናውን ዳር አቁሞ ጎማ ሥር ቁጭ ብሎ እንዳለቀሰ ነገረኝ። በዚያን ቀን ማታ ደውሎልኝ ነበር። ምን እንዳለኝ ጠየቅኩት። «ሁሉ ሰላም» ነው ያለኝ።

ሚሌ ላይ ሙቀቱ ጋቢና ስለማያስተኛ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው እንደሚተኙ ነገረኝ። ኮሮና ከመጣ ወዲህ አንዳንድ ምግብ ቤት በር ላይ «ሹፌር አናስገባም» ስለሚባሉ ራሳቸው እያበሰሉ እንደሚበሉ ነገረኝ። ይህን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ልብሱን በር ላይ ሳስወልቀው ምን ይሰማው እንደነበር ልጠይቀው ፈልጌ አልቻልኩም። ዛሬም አልጠየቅኩትም።

ልነሳ ስል «ትምህርቱን አልጨረስሽም» አለኝ።

«እጨርሰዋለሁ።»

«ኳሱን ተዪው። ሹፌሩ መኪናውን አቆመ በዪ።»

እንዳለኝ አልኩ። «ሹፌሩ መኪናውን አቆመ። ልጆች፣ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?» አንዴ ብቻ ነው የቀዳሁት፤ የውሃው ድምፅ ከጀርባ ይሰማል፣ ተውኩት። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ የልጆቹ መልስ በድምፅ መምጣት ጀመረ። ሊሰማቸው ፈለገ። ስልኩን በሳኒታይዘር ጠርጌ በርጩማው ላይ አስቀመጥኩለት። «ባለቤቱ ሹፌሩ ነው ቲቸር።» «ሹፌሩ ነው።» «ቲቸር፣ ሹፌሩ ባለቤት ነው፣ መኪናውን ተሳቢ ነው።» ሃያ ሦስት ልጅ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማቸው፣ አንዱንም ሳይዘል።

ከሰርቪሷ በኋላ

14 ቀኑ አልቆ ሲወጣ ትንሹ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ግማሽ ቀን አልወርድም አለ። ማንም አልታመመም። በግንቦት መጨረሻ በአገሪቱ የተያዘው ሰው ቁጥር ከ1000 አልፎ ነበር፣ ሰው ሁሉ ፈርቷል፣ እኛ ግን በዚያ ሳምንት በጣም ደህና ነበርን። አንድ ጠዋት በር ላይ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ተሰቅሎ አገኘን። ጎረቤቴ እኔ ነኝ አላለችም፤ ፌስታሉን ግን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ተመልሶ ወጣ። የአንድ ጉዞ አበል ቀርቶብናል፣ የኔም ደመወዝ ግማሽ ሆኗል፣ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ብዙ ነገር እንደ ቀድሞው ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ። ዶሮው ግን ቀረ። ማክሰኞ ከመጣ የማክሰኞ ሽሮ ይበላል። ሂሳቡ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንጨቃጨቃለን፤ በፊት ሁለት ቀን ለጭቅጭቅ አይበቃም ነበር፣ አሁን በስልክም እንጨቃጨቃለን። «ሁሉ ሰላም» መባባል አቆምን።

ሁሉም ተሻለ ማለቴ አይደለም። ዋጋ አለው። ድሮ «ገዋኔን አለፍኩ» ሲለኝ እተኛ ነበር። ዛሬ ያንን ጠጠር ስለማውቀው ሚሌ እስኪገባ አልተኛም። እሱም እንደዚያው፤ የእናቴን ግንባር በየሌሊቱ አብሮኝ እየዳበሰ ነው የሚነዳው። አንዳንዴ ባናውቅ ይሻል ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ያ መስኮትና እነዚያ ጣቶች ይመጡብኛል፣ ሐሳቡን እተወዋለሁ።

ለዚያ ተማሪዬ «ልክ ነህ፣ ተሳቢ መኪናም ነው» ብዬ መለስኩለት። ደስ ብሎት ተቀመጠ። አባቱ ሹፌር ይሆን ብዬ ልጠይቀው አስቤ በክፍል ፊት መሆኑን አልወደድኩትም።

ትናንት ሌሊት ስልኬ ጮኸ። 8 ሰዓት ከሩብ። ሚሌ ነው ያለው፣ ተራ ይጠብቃል፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎታል።

«ውሃ መጣ?» አለኝ።

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና ቧንቧውን ከፈትኩ። አየሩ ነፋ። አጉረመረመ። «ቆይ፣ እየመጣ ነው» ብዬ ስልኩን ጀሪካኑ አፍ ላይ ያዝኩለት።